እጅ የማይደርስበት ካንዴላ፦ የቱን ካንዴላ፣ የቱን ገመድ እንግዛ?

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ማታ አንድ ሰዓት ላይ አባራ። ኮሮላዬ ከጠዋት ጀምሮ ሚኒሞ ላይ፣ ማለት ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ፣ ስትንቀጠቀጥ ነው የዋለችው። እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣም ነዳጅ ስሰጣት ትቆራረጣለች እንጂ አትጎትትም። ግቢ አስገብቼ የበረንዳውን መብራት አጠፋሁ። ሞተሩን አስነስቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ጨለማው ውስጥ፣ ሦስተኛው ገመድ ላይ፣ ፀጉር የምታክል ሰማያዊ ብልጭታ ታየችኝ። ከገመዱ ወጥታ ወደ ብረቱ ትዘላለች፤ ትጠፋለች፤ ትመለሳለች። ጠስ ጠስ የሚል ድምፅም አላት። ቤንዚኑን በብልጭታ ወደሚያቀጣጥለው ካንዴላ መድረስ የነበረበት ካረንት መንገድ ላይ እየፈሰሰ ነበር።

ችግሩን ማወቁ ቀላል ነበር። ግራ የገባኝ በማግስቱ መለዋወጫ ሱቅ ስገባ ነው። ባለሱቁ መስታወቱ ላይ አምስት ዓይነት ካንዴላና ሦስት ዓይነት ገመድ ደረደረልኝ። የአንዱ ዋጋ የሌላውን አራት እጥፍ ነው። "ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ ይሄ ኢሪዲየም ነው፣ ይሄኛውም ይሠራል" አለኝ። ሁሉም የሚሠራ ከሆነ በምን ልምረጥ?

ያን ቀን ተሳስቼ መረጥኩ። በርካሽ የተገኘ "ኢሪዲየም" ገዛሁ። ከሦስት ወር በኋላ ሲፈታ የአንዱ ቀጭን ጫፍ የለም። ጋራዥ ያላቸው ጎረቤቴ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ በጣታቸው ይዘው አገላብጠው አዩት። ስለ ካንዴላው ምንም አላሉም። "አንተ ልጅ፣ ይሄን ለመፍታት ስንት ሰዓት ፈጀብህ?" ብቻ ነው ያሉኝ።

ይህ ጽሑፍ የተነሳው ከዚያች ጥያቄ ነው። ካንዴላ ሲገዛ ሁላችንም የምንጠይቀው ዋጋውን ነው። ሞተሩ ጠባብ ቦታ ውስጥ ሲሆን ግን ትልቁ ወጪ እዚያ ለመድረስ የሚፈጀው ሰዓት ነው። የቤንዚን የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለንን መኪና ለረጅም ጊዜ ይዘን መቆየታችን አይቀርም። ስለዚህ በልኩ አስበን ብንገዛ ይጠቅመናል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። መኪናችሁ ናፍጣ ከሆነ ይህ ጽሑፍ እናንተን አይመለከትም። ናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው አየሩን አፍኖ በማጋል ነው። የብልጭታ ካንዴላ የለውም።

## ከመግዛታችን በፊት የምናያቸው መስፈርቶች

እጅ ይደርሳል ወይ? ዋናው መስፈርት ይህ ነው። ላዳ ላይ ኮፈኑን ስትከፍቱ አራቱም ካንዴላዎች ፊት ለፊት ይታያሉ። ሃያ ደቂቃ ይበቃችኋል። ካረንቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍል ዲስትሪቢዩተር ያለው የድሮው ኮሮላ ላይ ካንዴላዎቹ በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) መሐል ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠዋል። ረጅም ማስረዘሚያ ካላችሁ ይደረሳል፤ ከሌላችሁ አይደረስም። ቪትዝና መሰሎቹ ላይ ሞተሩ ወደ መስታወቱ ሥር ገባ ብሎ ስለተቀመጠ የአየር ማጣሪያውን ቤት፣ አንዳንዴም የዝናብ መጥረጊያውን ሥር ሽፋን ማንሳት ይጠይቃል። የቤንዚን ሚኒባስ ላይ ሞተሩ ያለው ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው። ወንበሩ ይነሳል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ከዚያ በኋላም እጅ የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ቪ 6 ሞተር በአግድም የተቀመጠበት መኪና ከሁሉም ይከፋል። የኋላዎቹን ሦስት ካንዴላዎች ለማግኘት ብዙ ጊዜ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ መፈታት አለበት፤ እሱ ሲፈታ በመገጣጠሚያው መሐል የሚገባው ጉርኒሲዮንም ይቀየራል።

በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ? ወረቀት አውጥታችሁ አስሉት። በቀን 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ በወር 25 ቀን የሚሠራ ሚኒባስ በዓመት 36,000 ኪሎ ሜትር ይሞላል። ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቤት የሚመላለስ የቤት መኪና በቀን 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በዓመት ከ7,300 አያልፍም። ሁለቱ አንድ ዓይነት ካንዴላ ሊገዙ አይገባም።

ካረንቱ በምን በኩል ይደርሳል? ሦስት ዓይነት አለ። በዲስትሪቢዩተርና በረጅም ገመድ የሚሠራው የድሮው ነው። አንድ ቦቢና (የባትሪውን ካረንት ወደ ከፍተኛ ቮልት የሚያሳድገው) ሁለት ካንዴላ የሚያበራበት አለ። በየካንዴላው ላይ የራሱ ቦቢና የተቀመጠበትም አለ፤ ቪትዝና ዲዛየር እንደዚህ ናቸው። ሦስተኛው ዓይነት ረጅም ገመድ የለውም። ስለዚህ "ገመድም ቀይር" ካሏችሁ መጀመሪያ ገመድ መኖሩን እዩ።

ቤንዚኑ ከየት ነው? ማደያ ላይ ሰልፍ ሲረዝም በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን የቀዳን ብዙ ነን። ውስጡ ምን እንደተቀላቀለ አናውቅም። መጥፎ ቤንዚን ጫፉን ያጠቁራል ወይም ቀላ ያለ ዝቃጭ ይጥልበታል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ደግሞ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቤንዚንና አየር በካርቡሬተር የሚቀላቀልበት የድሮ መኪና ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። የጥምቀት ሰሞን ከፒያሳ እስከ ቀኃ በእርምጃ ስንጎተት ቀኑን ሙሉ ሚኒሞ ላይ የዋለ ሞተርም እንዲሁ ያጠቁራል። ቤንዚኑ በኮምፒውተር የሚመጠንበት፣ ኢንጀክሽን ያለው መኪና ግን ለከፍታው ራሱን ያስተካክላል።

ልኩ ገጥሟል ወይ? ይህ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው። የጥርሱ (ተጠምዝዞ የሚገባው ክፍል) ውፍረት፣ የጥርሱ ርዝመት፣ የሙቀት ደረጃው እና የጫፉ ክፍተት ከመኪናው መመሪያ ጋር መግጠም አለባቸው። 19 ሚሊ ሜትር ጥርስ የሚፈልግ ቴስታታ ላይ 26.5 የሆነውን ብታስገቡ ጫፉ ወደ ውስጥ ይወጣና ፒስተኑ ሊመታው ይችላል። አጭሩን ብታስገቡ ባዶ የቀረው ጥርስ ካርቦን ይሞላል፤ በሌላ ጊዜ ትክክለኛው አይገባም።

የሙቀት ደረጃ ላይ ደግሞ የተሳሳተ ወሬ አለ። "ቁጥሩ ከፍ ያለው ጠንካራ ነው" ይባላል። አይደለም። ኤንጂኬ እና ዴንሶ በተባሉት አምራቾች ካንዴላ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ፣ ማለት ቀዝቃዛ ይሆናል። ቦሽ ላይ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የኤንጂኬ 5 ከዴንሶ 16 ጋር፣ 6 ከ20 ጋር ይቀራረባሉ። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ ቁጥሩን ራሱን ሳይሆን አቻውን ጠይቁ። ኤንጂኬ ላይ በመጨረሻ የሚጻፈው 11 ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ወደ መተማ ቆላ ስለምንወርድ ደረጃ መቀየር አለብን የሚሉም አጋጥመውኛል። ጤነኛ ሞተር ላይ አያስፈልግም፤ መመሪያው ላይ ያለው ደጋውንም ቆላውንም ይችላል።

እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ይቻላል? ካልተቻለ ውድ ካንዴላ አትግዙ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

## ካንዴላዎቹ አንድ በአንድ

### ተራው፣ ባለ ኒኬል ጫፉ

ብዙዎች "ኮፐር" ይሉታል። መዳቡ ግን ውስጥ ያለው ነው፤ ብልጭታ የሚወጣበት ጫፍ የኒኬል ቅይጥ ነው። የመሐሉ ዘንግ ውፍረት 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኒኬል የሚቀልጠው 1,455 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሆነ ብልጭታው ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከ20,000 እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

ትልቁ ጥቅሙ ይቅር ባይነቱ ነው። ቢጠቁር ይጸዳል። ክፍተቱ ቢሰፋ ይስተካከላል። ቤንዚን ቢያበላሸው ብዙ ገንዘብ አልጠፋም። ለድሮ ላዳ፣ ለካርቡሬተር ኮሮላ፣ ለባጃጅ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የባጃጅ ሾፌሮች አንድ ትርፍ ካንዴላ መሳቢያ ውስጥ ይዘው የሚዞሩት በትክክል ነው።

ጉዳቱ ጠባብ ሞተር ላይ ይወጣል። ከላይ ያሰላነው ሚኒባስ በሦስት ዓመት 108,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በተራ ካንዴላ ቢያንስ አራት ጊዜ ወንበር ማንሳት ማለት ነው። በእያንዳንዱ ግማሽ የሥራ ቀን ቢጠፋ ሁለት ቀን ሙሉ ገቢ ሄደ። የካንዴላው ዋጋ ልዩነት ከዚያ ያንሳል።

### ፕላቲኒየም

ፕላቲኒየም የሚቀልጠው 1,768 ዲግሪ ላይ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ቁራጭ ይበየዳል። ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ይቆያል ይባላል። ሁለት ዓይነት ነው፤ መሐሉ ላይ ብቻ ያለበት እና ከላይ ከሚታጠፈው ብረትም ላይ ያለበት።

ልዩነቱ ትርጉም የሚኖረው አንድ ቦቢና ሁለት ካንዴላ በሚያበራበት መኪና ላይ ነው። እዚያ ግማሾቹ ካንዴላዎች ብልጭታው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሄድባቸው የላይኛው ብረት ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ሁለቱም ጎን ፕላቲኒየም ያለበት ያስፈልጋል። ለሌላው መኪና መካከለኛ ምርጫ ነው። የኔ ችግር ሱቆቻችን ውስጥ እንደልብ አለመገኘቱ ነው። ሁለት አግኝታችሁ ሁለት ብታጡ ቀላቅላችሁ አታስገቡ።

### ኢሪዲየም

ኢሪዲየም 2,446 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም። ስለዚህ የመሐሉ ዘንግ እስከ 0.4 ወይም 0.6 ሚሊ ሜትር ድረስ ሊቀጥን ይችላል። ከቀጭን ጫፍ ብልጭታ ለማውጣት አነስ ያለ ቮልት ይበቃል። ቦቢናውም ገመዱም ያርፋሉ። ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው የተሠራው ዓይነት 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከተራው ሦስት አራት እጥፍ ነው።

ጉልበት ይጨምራል ብላችሁ ከሆነ የምትገዙት አትልፉ። ጤነኛ ሞተር ላይ ከአዲስ ተራ ካንዴላ ጋር ልዩነቱ እግር ላይ አይታወቅም። የምትገዙት ዕድሜ ነው። ኮፈኑን ሳትከፍቱ የምትኖሩበትን ጊዜ ነው የምትገዙት።

ሁለት ነገር ያጠፋዋል። አንዱ የብረት ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት ነው። ጋራዦቻችን ካንዴላ ሲፈቱ መቦረሽ ልማድ ነው፤ ለተራው ይሁን። ኢሪዲየምና ፕላቲኒየም ግን እንዳይቦረሹ አጠገቡ ቆማችሁ ንገሩ። ሁለተኛው ክፍተት ለማስተካከል ቀጭኑን ጫፍ መጫን ነው። ክፍተቱን ለኩ፤ ካልተስተካከለ ሱቁ ይመልስላችሁ እንጂ መሐሉን አትንኩት።

### "ያገለገለ ነው ግን ይሠራል"

ከተፈታ ሞተር የወጣ ካንዴላ አትግዙ። በዓይን ደህና ይመስላል። ነጩ ሸክላ ላይ ያለች ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ግን አትታይም፤ ሞተሩ ሲጋል ነው የምትነሳው። እንኳን ጠባብ ሞተር ላይ፣ ላዳ ላይም አላስገባውም።

### እውነተኛውን ከፎርጅዱ መለየት

እኔ ከከሰርኩ በኋላ የተማርኩት ነው። ካንዴላውን ከሣጥኑ አውጥታችሁ ብርሃን ላይ ያዙት። የጥርሱ አቆራረጥ ለስላሳና አንድ ወጥ መሆን አለበት። ሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ በጥፍር ሲፋቅ መልቀቅ የለበትም። የላይኛው ብረት ከመሐሉ ጫፍ ትክክል አናት ላይ መቀመጥ አለበት፤ የኔው ወደ ጎን ያዘነበለ ነበር፣ አይቼው አልፌዋለሁ። አራቱን አጠገብ ላጠገብ አቁሙና እዩ፤ እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ከሆነ ተዉት።

መልቲሜትር ካላችሁ ከሁሉም የተሻለ ነው። ስሙ ውስጥ አር (R) የሚል ፊደል ያለበት ካንዴላ ውስጡ 5 ኪሎ ኦም ገደማ ተቃውሞ አለው። ገመዱ ከሚሰካበት ጫፍ እስከ መሐሉ ዘንግ ስትለኩ ከ3 እስከ 7.5 ኪሎ ኦም ካላሳየ ችግር አለ። ባለሱቁ "አይለካም" ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

## ገመዶቹ

ገመድ ከኪሎ ሜትር ይልቅ ሙቀትና እርጥበት ነው የሚገድለው። በተለይ ከወንበር ሥር ያለ ሞተር ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ጎማው ደርቆ ይሰነጠቃል። በጋ ላይ ምንም አይልም። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ፣ ወይም ላቫጆ ላይ ሞተሩ በግፊት ውኃ ሲታጠብ፣ ያኔ ይንቀጠቀጣል። መኪና ታጥቦ ሲወጣ መቆራረጥ ከጀመረ መጀመሪያ የማየው ገመዱንና የካንዴላውን ጉድጓድ ነው። ኮሮላ ላይ ጉድጓዱ ውኃ ይዞ ይቀራል።

ባለ ካርቦን ልብ ርካሹ ነው። መሐሉ ካርቦን የጠጣ ክር ነው። ሬዲዮ አይረብሽም፣ አዲስ ሲሆን ደህና ነው። ሲጎተትና ሲታጠፍ ክሩ ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል። በቀላሉ የሚደረስበት መኪና ላይ ይሁን።

ባለ ጥምዝ ሽቦ ቀጭን ሽቦ እንደ ምንጭ የተጠመጠመበት ነው። መጎተትንም ሙቀትንም ይችላል፤ ረብሻውንም ራሱ ያፍናል። ላዩ ሲሊኮን ጎማ ከሆነ ለጠባብና ለሞቃት ቦታ ትክክለኛው ይህ ነው። ዋጋው ከካርቦኑ ይበልጣል፤ ግን የኔ ምርጫ ነው።

ባለ መዳብ ተቃውሞው ትንሽ ስለሆነ "ካረንት ያሳልፋል" ይባላል። ካንዴላው ላይ የሚሰካው የገመዱ ኮፍያ ውስጥ ተቃውሞ ካልተጨመረበት ግን ሬዲዮውን ያንጫጫል፣ ኢንጀክሽን ያለውን መኪና ኮምፒውተርም ሊረብሽ ይችላል። ለድሮ ካርቡሬተር ካልሆነ እለፉት።

አንድ ገመድ ብቻ መቀየር ይበቃል ወይ? እጅ በቀላሉ የሚደርስበት ከሆነ አዎ፣ የተበላሸውን ብቻ ቀይሩ። ጠባብ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ። አራቱም አንድ ዓመት አንድ ሙቀት ነው የበሉት። ዛሬ ሦስተኛው ከሄደ ሁለተኛው ሩቅ አይደለም።

ከመክፈላችሁ በፊት ለኩ። የቶዮታ የጥገና መመሪያዎች ለአንድ ገመድ ከ25 ኪሎ ኦም እንዳይበልጥ ይላሉ። አዲስ ገመድ ከዚያ በጣም ማነስ አለበት። ርዝመቱንም ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። የረዘመ ገመድ ጠባብ ቦታ ላይ የጭስ ማውጫው ብረት ላይ ይተኛል፤ በሳምንት ይቀልጣል። የገመድ መያዣ ክሊፖቹን ከአሮጌው አውጥታችሁ አስቀምጡ፣ ሱቅ ውስጥ ለብቻቸው አይገኙም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ገመዱን ስትነቅሉ ኮፍያው በዘይት ከረጠበ፣ ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት የቴስታታውን ክዳን ጉርኒሲዮንና የጉድጓዶቹን ጎማ ቀለበት ቀይሩ። ዘይቱ አዲሱንም ጎማ ያሳብጠዋል። ይህን ሳያደርግ ገመድ ደጋግሞ የገዛ ሰው አውቃለሁ።

## በአጭሩ ሲታይ

| ምርጫ | ዕድሜ | ዋጋ ከተራው ጋር ሲተያይ | የሚሻለው ለማን | ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|
| ተራ ካንዴላ | 20,000–30,000 ኪ.ሜ. | መነሻ | እጅ ለሚደርስበት፣ ትንሽ ለሚሄድ፣ ለካርቡሬተር | ክፍተቱን መለካት |
| ፕላቲኒየም | 60,000–100,000 ኪ.ሜ. | ሁለት እጥፍ ገደማ | አንድ ቦቢና ሁለት ለሚያበራበት | አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ |
| ኢሪዲየም | 100,000 ኪ.ሜ. ገደማ | ሦስት አራት እጥፍ | ለሚኒባስ፣ ለቪ 6፣ ብዙ ለሚሄድ | ፎርጅድ፤ ብሩሽ አይነካውም |
| ያገለገለ ካንዴላ | አይታወቅም | ርካሽ | ለማንም አይሆንም | ስንጥቅ |
| የካርቦን ገመድ | አጭር | ርካሽ | እጅ ለሚደርስበት | አትጎትቱት |
| ጥምዝ ሽቦ በሲሊኮን | ረጅም | ወደድ ይላል | ለጠባብና ለሞቃት ቦታ | ርዝመቱ |
| የመዳብ ገመድ | ረጅም | ይለያያል | ለድሮ ካርቡሬተር | ረብሻ |

## ራስ መቀየር ወይስ ጋራዥ?

ላዳና ኮሮላ ራሳችሁ ልትቀይሩ ትችላላችሁ። ቪትዝ ትዕግሥት ካላችሁ ይቻላል። ሚኒባስና ቪ 6 ለለመደ እጅ ስጡ፤ ካንዴላውን ግን ራሳችሁ ገዝታችሁ፣ ለክታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ራሳችሁ የምትቀይሩ ከሆነ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የአሉሚኒየም ቴስታታ ትኩስ ሆኖ ካንዴላ ሲፈታ ጥርሱ አብሮ ሊወጣ ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊት ጎሚስታ ጋ ጎራ ብላችሁ ጉድጓዶቹን በኮምፕሬሰር አስነፉ። ካንዴላው ከወጣ በኋላ አንዲት ጠጠር ብትገባ የምትወድቀው ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ኮፍያውን መጀመሪያ ግራ ቀኝ አዙሩት፣ ሲላቀቅ ኮፍያውን ይዛችሁ ሳቡ። ገመዱን ይዞ መሳብ ነው ልቡን የሚበጥሰው። ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ገመድ አትንኩ፤ ከ20,000 ቮልት በላይ ሊያልፍበት ይችላል።

አንድ ገመድ ነቅላችሁ አንድ ተኩ። አራቱንም በአንዴ የነቀለ ሰው ቅደም ተከተሉ ይጠፋበታል። የኮሮላው አራት ሲሊንደር 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው፤ ሁለቱን ካቀያየራችሁ ሞተሩ ይተኩሳል።

ጠባብ ቦታ ላይ ከሁሉም የሚከብደው አዲሱን ካንዴላ ማስጀመሩ ነው። ዓይን አያይም፣ ጣት አይደርስም፣ ቁልፉ ደግሞ ጉልበቱን ይደብቃል። ጋሼ ያሳዩኝን ልንገራችሁ። አንድ ስንዝር የሚሆን የቤንዚን ጎማ ቱቦ ቆርጠው የካንዴላውን ጭራ ሰኩበት። ቱቦውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ጉድጓዱ አወረዱት። መጀመሪያ ወደ ግራ አዞሩት፤ ጥርሱ ቦታውን ሲያገኝ ጠቅ አለ። ከዚያ ወደ ቀኝ። ካንዴላው ቀጥ ብሎ ከገባ ቱቦው ይዞት ይዞራል። ተንጋዶ ከሆነ ቱቦው ራሱ ይንሸራተታል፣ ጥርስ ለማበላሸት ጉልበት የለውም። ጣታችሁ የማያየውን ቱቦው ይነግራችኋል። ቱቦው መዞር እስኪያቅተው ድረስ ቁልፍ አታስነኩ።

ከዚያ በቁልፍ ማጥበቅ ነው። ቀለበት ያለው፣ 14 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው አዲስ ካንዴላ በእጅ እስኪቆም ከዞረ በኋላ ግማሽ ዙር ይበቃዋል። ያንኑ ፈትታችሁ መልሳችሁ የምታስሩት ከሆነ ቀለበቱ ስለተጨፈለቀ በሰዓት ላይ አምስት ደቂቃ የምታክል ሽራፊ ብቻ ናት። ቀለበት የሌለው፣ ሾጣጣ መቀመጫ ያለው ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ ሣጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል ተከተሉ። በረጅም ቁልፍ "ይጥበቅ" ብሎ መጫን የለም። በኮፍያው አፍ ውስጥ ትንሽ ሲሊኮን ግሪስ ብትቀቡ ውኃ አይገባም፣ በሚቀጥለውም ጊዜ በቀላሉ ይነቀላል።

የወጡትን አራቱን በተራቸው ደርድሩና እዩ። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። እርጥብ ጥቁር ዘይት ነው፤ አዲስ ካንዴላ አያድነውም። ነጭ ሆኖ ጫፉ የተቃጠለ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ ጋለ ማለት ነው፤ ራዲያተሩን አስመርምሩ።

## እንደየኪሱና እንደየሥራው

የቤት መኪና ካላችሁና በዓመት 7,000 ኪሎ ሜትር የማትሞሉ ከሆነ ተራ ካንዴላ ግዙ። ሦስት አራት ዓመት ይሄዳል። ኢሪዲየም ብትገዙ በዚህ አካሄድ ከአሥር ዓመት በላይ ነው የሚፈጅባችሁ፤ ያን ያህል ጊዜ ሳይፈታ የቆየ ካንዴላ ደግሞ ጥርሱ ላይ ይጣበቃል። የተረፈውን ገንዘብ ጥሩ ገመድ ላይ አውሉት። መመሪያው ኢሪዲየም የሚያዝ መኪና ከሆነ ግን ያንኑ ተከተሉ፤ ክፍተቱም ቦቢናውም ለእሱ ነው የተለካው።

የቤንዚን ሚኒባስ ካላችሁ፣ እውነተኛነቱን ለክታችሁ ካረጋገጣችሁ፣ ኢሪዲየምና ጥምዝ ሽቦ ገመድ አንድ ላይ ግዙ። ወንበሩ ሲነሳ ሁለቱም ይቀየሩ። እውነተኛ ኢሪዲየም ካጣችሁ ግን ከፎርጅድ ኢሪዲየም እውነተኛ ተራ ካንዴላ ይሻላል። የእህቴ ባል አምና እንዲህ ነው ያደረገው፤ ተራውን አስገብቶ ከባሕር ዳር ኢሪዲየሙ እስኪመጣለት ሠራበት።

በሃይላንድ ቤንዚን ለመሥራት ከተገደዳችሁ፣ ያ ጊዜ እስኪያልፍ ተራውን ያዙ። የተበላሸ ቤንዚን ለውድ ካንዴላም አይራራም።

ቪ 6 ካላችሁ ስድስቱንም በአንድ ቀን፣ በኢሪዲየም ወይም በሁለት ጎን ፕላቲኒየም። የፊቶቹን ሦስት ብቻ ቀይሮ "የኋላው ይቆይ" ማለት ማኒፎልዱን ሌላ ጊዜ ለብቻው ማስፈታት ነው።

ገንዘቡ አሁን ካልሞላላችሁ ቅድሚያው ለተሰነጠቀው ገመድ ነው። ቀጥሎ ተራ ካንዴላ። የሰፋ ክፍተት ይዞ መሄድ ቦቢናውን ያስጨንቀዋል፣ እሱ ሲቃጠል ወጪው ከአራቱ ካንዴላዎች ይበልጣል።

የኔ ኮሮላ አሁን ተራ ካንዴላና ጥምዝ ሽቦ ገመድ ነው ያላት። የቀየርኩበትን ኪሎ ሜትር በፕላስተር ላይ ጽፌ ከኮፈኑ ሥር ለጥፌዋለሁ። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ማታ መብራት አጥፍቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ምንም አይታይም፤ ድቅድቅ ጨለማና የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር።